የዱር እንስሳት በአየር ንብረት ለውጥና በሰው ጫና መካከል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ዱር እንስሳት መመናመን በተነሳ ቁጥር አንባቢዎች ደጋግመው የሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የአየር ንብረት ለውጥና የሰው ጫና ሁለት የተለያዩ አደጋዎች አይደሉም?

በመጻሕፍት ውስጥ በየራሳቸው ምዕራፍ ይቀመጣሉ፤ እንስሳቱ በሚኖሩበት ሜዳ ግን አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማየት ያስቸግራል። ሙቀት ሲጨምር ወይም ዝናብ ሲቀር አንድ እንስሳ ከሦስት ነገሮች አንዱ ይገጥመዋል፦ ባለበት ሆኖ ኑሮውን ከለውጡ ጋር ያስማማል፣ ወደሚመቸው ቦታ ይሄዳል፣ አለዚያም ይሞታል። ባለፉት ዘመናት አብዛኞቹ ዝርያዎች የዳኑት በመሄድ ነው። የሰው ጫና ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ሁሉ፣ ማለትም የእርሻው መስፋፋት፣ መንገዱ፣ አጥሩ፣ ግድቡና የከብቱ ብዛት፣ ከሌላው ጉዳቱ በተጨማሪ ይህንኑ የመሄጃ በር ይዘጋል። ከዚህ በታች የሚነሱት ምሳሌዎች አብዛኞቹ ተመልሰው የሚያርፉት እዚሁ ነጥብ ላይ ነው።

የዋልታ ድብ ታሪክ ይህንን በግልጽ ያሳያል። ድቡ ሲል የተባለውን የባሕር አጥቢ የሚያድነው በባሕር ላይ በረጋው በረዶ ላይ ቆሞ ነው። በካናዳ ሃድሰን የባሕር ወሽመጥ በረዶው ከቀድሞው ቀድሞ ስለሚቀልጥና ዘግይቶ ስለሚረጋ፣ ድቡ በየብስ ላይ ሳያድን የሚቆይበት ጊዜ ረዝሟል። የተራበ ድብ ደግሞ የቆሻሻ መጣያና የምግብ ሽታ ወደሚጠራው መንደር ይመጣል፤ እዚያ የሚጠብቀው ጠመንጃ ነው። ያንን ድብ የገደለው በረዶው ነው ወይስ ጥይቱ ብሎ መከራከር ብዙም የሚያስኬድ አይመስለኝም።

ሙቀቱ የጨመረው በ1 ዲግሪ ገደማ ነው ይባላል። ይህ ለእንስሳ ምን ያህል ነው?

የምድር አማካይ ሙቀት ከ2011 እስከ 2020 በነበሩት ዓመታት፣ ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው ጋር ሲነጻጸር በ1.1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ከፍ ብሏል። አሳሳቹ ነገር «አማካይ» የሚለው ቃል ነው። እንስሳ የሚሞተው በአማካዩ ሳይሆን በከፋው ቀን ነው። በኅዳር 2018 በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ ሙቀቱ ከ42 ዲግሪ በላይ በወጣባቸው ጥቂት ቀናት፣ መነጽር ያጠለቁ የሚመስሉ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎች ከተሰቀሉበት ቅርንጫፍ እየወደቁ ሞቱ፤ የሞቱት 23,000 ያህል እንደሚሆኑ ተገምቷል። ይህም በአገሪቱ ከነበሩት የዚህ ዝርያ ወፎች አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ሙቀቱ ማንንም ሳይገድል አንድን ዝርያ ሊያመናምን ይችላል። አረንጓዴዋ የባሕር ኤሊ ሌሊት ከውኃ ወጥታ በኋላ እግሮቿ አሸዋውን ትቆፍርና መቶ ያህል እንቁላሎች ጥላ፣ ጉድጓዱን ደፍና፣ ወደ ባሕሩ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ገደማ እንቁላሎቹን የሚያሞቃቸው አሸዋው ነው። የግልገሉን ጾታ የሚወስነውም ያው የአሸዋው ሙቀት ሲሆን፣ በ29 ዲግሪ አካባቢ ወንድና ሴት በተቀራራቢ ቁጥር ይፈለፈላሉ፤ ከዚያ ቀዝቀዝ ሲል ወንዶቹ፣ ሞቅ ሲል ሴቶቹ ይበዛሉ። በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ሪፍ ሰሜናዊ ክፍል ከተፈለፈሉት ወጣት ኤሊዎች ውስጥ 99 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ኤሊዎቹ አሁንም በብዛት ይታያሉ፤ የሚጎድለው ወደፊት የሚያስፈልገው ወንድ ነው። ቀዝቀዝ ያለ የባሕር ዳርቻ ፈልገው እንዳይሄዱ ደግሞ ብዙው ዳርቻ በሆቴልና በመከላከያ ግንብ የተያዘ ነው።

እንስሳት የበረዶ ዘመንን ሳይቀር አልፈዋል። አሁን ምን የተለየ ነገር አለ?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ሁለት ነው። አንደኛው ፍጥነቱ ነው። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሲያበቃ ምድር የሞቀችው በሺህ ዓመታት ውስጥ ሲሆን፣ የአሁኑ ለውጥ ግን የሚለካው በአሥርታት ነው። ሁለተኛው ከላይ የተነሳው የመንገድ ጉዳይ ነው። የበረዶ ዘመን እንስሳት ሲሰደዱ ከፊታቸው አስፋልትና የሽቦ አጥር አልነበረም።

ተራራ ላይ የሚኖሩት ዝርያዎች ሁኔታ ከሁሉ የጠበበ ነው። ሙቀት ሲጨምር ወደ ላይ መውጣት ይቻላል፤ ተራራ ግን ጫፍ አለው። በፔሩ ፓንቲያኮላ በተባለው ተራራ ላይ ተመራማሪዎች በ1985 የተመዘገቡትን ወፎች በ2017 ተመልሰው ሲፈልጉ፣ አብዛኞቹ ዝርያዎች ወደ ላይ ፈቀቅ ብለው አገኟቸው፤ ቀድሞ ከጫፉ አካባቢ ብቻ ይኖሩ ከነበሩት መካከል ግን በርካቶቹ ጨርሶ አልተገኙም። እዚያ ደኑ አልተመነጠረም ነበር።

ደኑና ሜዳው ሲመነጠር ነገሩ ከሁለት ወገን ይጠባል። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ውርጫማ ሜዳ ነው። ዕድሜያቸው ለመራባት የደረሱት ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ የሚገመት ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። የዚህ እንስሳ አካል በሙሉ ለአንድ ሥራ የተሠራ ይመስላል፦ አፈሙዙ ቀጭንና ረጅም ነው፤ የፍልፈል ጉድጓድ ሲያይ ጆሮውን ጥሎ፣ ሆዱን ከመሬት አስጠግቶ፣ እርምጃውን እየቆጠረ ይቀርባል፤ ፍልፈሉ ብቅ እስኪል ድረስ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይቆማል። በሌላ አካባቢ በሌላ ምግብ ልኑር ቢል አይሆንለትም። ከታች እርሻውና ግጦሹ ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ ቅዝቃዜውም ወደ ላይ እየሸሸ ነው፤ ቀበሮው ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

ታዲያ የበለጠ የሚጎዳው የትኛው ነው?

በብዝኃ ሕይወት ላይ የሚሠራው የመንግሥታት የሳይንስና የፖሊሲ መድረክ በ2019 ባወጣው ዓለም አቀፍ ግምገማ፣ 1 ሚሊዮን ያህል የእንስሳትና የዕፅዋት ዝርያዎች የመጥፋት አደጋ እንዳንዣበባቸው ገልጿል። መንስኤዎቹንም በጉዳታቸው መጠን ሲያስቀምጥ የመሬትና የባሕር አጠቃቀም ለውጥን አስቀድሞ፣ ቀጥሎ አደንና ዓሣ ማስገርን የመሰለ ቀጥተኛ ብዝበዛን፣ በሦስተኛ ደረጃ የአየር ንብረት ለውጥን፣ ከዚያም ብክለትንና መጤ ወራሪ ዝርያዎችን ጠቅሷል። ስለዚህ እስካሁን ለደረሰው ጉዳት ትልቁ ተጠያቂ ምንጣሮ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ግን ያለፈውን የሚያሳይ ሲሆን፣ የአየር ንብረት ለውጥ ድርሻ በሚቀጥሉት አሥርታት እያደገ እንደሚሄድ ይጠበቃል።

ምንጣሮው ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት በ2018 የታተመ አንድ ስሌት ይረዳል። በምድር ላይ ያሉት አጥቢ እንስሳት በሙሉ ቢመዘኑ፣ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ የቤት እንስሳት፣ 36 በመቶ ያህሉ እኛ ሰዎች ነን። ዝሆኑን፣ ዓሣ ነባሪውን፣ አንበሳውንና አይጡን ጨምሮ የዱር አጥቢ የሚባለው ሁሉ የቀረችውን 4 በመቶ ይጋራል።

በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት እስካሁን የጠፋ እንስሳ አለ?

አለ። በአውስትራሊያና በፓፑዋ ኒው ጊኒ መካከል ብራምብል ኬይ የምትባል፣ ከፍተኛው ቦታዋ ከባሕሩ 3 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ የሚል ትንሽ የአሸዋ ደሴት አለች። ሜሎሚስ የተባለች ቡናማ አይጥ በዓለም ላይ የምትገኘው በዚያች ደሴት ላይ ብቻ ነበር። የባሕሩ ወለል ከፍ እያለና ማዕበሉ ደሴቷን ደጋግሞ እያጥለቀለቀ ሲሄድ፣ ለአይጧ ምግብም መጠለያም የነበረው ቅጠላ ቅጠል በ10 ዓመት ውስጥ 97 በመቶ ያህሉ ወደመ። አይጧ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በ2009 ነው፤ በ2014 በወጥመድና በካሜራ በተደረገው ፍለጋ አንዲትም አልተገኘችም፤ የአውስትራሊያ መንግሥት በ2019 መጥፋቷን በይፋ አረጋገጠ። በዋነኛነት በሰው ሠራሹ የአየር ንብረት ለውጥ ሳቢያ እንደጠፋች የተመዘገበች የመጀመሪያዋ አጥቢ እንስሳ እሷ ናት።

ብዙ ጊዜ አብሮ የሚጠቀሰው በኮስታሪካ የሞንቴቨርዴ ደን ይኖር የነበረውና ከ1989 ወዲህ ያልታየው ወርቃማ ጉርጥ ነው። በእሱ ረገድ ግን ቆዳን የሚያጠቃ ገዳይ ፈንገስና የዚያን ጊዜው ድርቅ በምን ያህል ድርሻ እንደተባበሩ አሁንም ተመራማሪዎችን ያከራክራል፤ ስለዚህ እንደ ንጹህ ምሳሌ ባይጠቀስ ይሻላል።

ድርቅ የተፈጥሮ ነገር አይደለም ወይ?

ድርቅ ድሮም ነበር፤ ዛሬ የሚለየው መደጋገሙና እንስሳቱን የሚያገኝበት ሁኔታ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ዝናቡ በተከታታይ ወቅቶች ሲቀር፣ በኬንያ ከየካቲት እስከ ጥቅምት 2022 ባለው ጊዜ ብቻ 205 ዝሆኖች መሞታቸውን የአገሪቱ መንግሥት አስታውቋል። በዚያው ጊዜ 49 የግሬቪ የሜዳ አህዮች ሞተዋል፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም የዚህ ዝርያ እንስሳት በዓለም ላይ ያሉት 3,000 ገደማ ብቻ ናቸው።

ዝሆን ድርቅን የሚያሸንፈው በማስታወስና በመጓዝ ነው። አሮጊቷ መሪ ከብዙ ዓመት በፊት ውኃ ያገኘችበትን ቦታ አትረሳም፣ መንጋዋንም ወደዚያ ትመራለች። ያ ቦታ ዛሬ የታጠረ እርሻ ወይም ከብት የሞላበት ጉድጓድ ከሆነ ማስታወሷ ምንም አይጠቅማትም። አጥሩን ጥሳ ስትገባ ገበሬው የዓመት ልፋቱን በአንድ ሌሊት ያጣል፤ እሱም በበኩሉ በዚያው ድርቅ የተመታ ሰው ነው። «በሰውና በዱር እንስሳት መካከል ያለ ግጭት» በሚል ርዕስ በሪፖርቶች የሚመዘገበው ነገር ብዙውን ጊዜ ለአንድ ውኃ የሚሻሙ ሁለት ጥማቶች ናቸው።

ሙቀት ከበሽታ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በግንቦት 2015 በካዛክስታን የሆነው ነገር ለዚህ በቂ መልስ ነው። ሳይጋ አፍንጫው እንደ አጭር ኩምቢ የወረደ የሜዳ እንስሳ ሲሆን፣ ሴቶቹ በየዓመቱ በዚያ ወር በአሥር ሺዎች ሆነው በአንድ ሜዳ ተሰብስበው ይወልዳሉ። በዚያ ዓመት ግን የወለዱት እናቶች በሰዓታት ውስጥ መድከም፣ መተንፈስ ማቃት፣ መውደቅ ጀመሩ፤ ግልገሎቹም ከሞቱት እናቶች ጡት ሳይላቀቁ ተከተሏቸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ200,000 በላይ ሳይጋዎች አለቁ። ገዳዩ ከውጭ የመጣ ሳይሆን በጤነኛ ሳይጋ ጉሮሮ ውስጥ ያለ ጉዳት የሚኖር ባክቴሪያ ነበር። የተለየው ነገር ቢኖር ከሞቱ በፊት በነበሩት ቀናት አየሩ ከወትሮው የሞቀና እርጥበት የበዛበት መሆኑ ነው። ባክቴሪያው በዚያ ሁኔታ እንዴት ገዳይ ወደ መሆን እንደተለወጠ ዝርዝሩ ገና በጥናት ላይ ነው።

የሰው ድርሻ እዚህ የለበትም እንዳይባል፣ ሳይጋ ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ በኋላ በቀንዱና በሥጋው ምክንያት በሕገ ወጥ አዳኞች ክፉኛ ተመናምኖ፣ ገና በማገገም ላይ ሳለ ነው እልቂቱ የደረሰበት። ቁጥሩ በሚሊዮን ለሚቆጠር መንጋ 200,000 ማጣት ከባድ ጉዳት ነው፤ ለተመናመነ ዝርያ ግን የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው። በቀይ ቀበሮም ላይ ያለው ሥጋት ተመሳሳይ ነው። እረኞች ይዘዋቸው የሚወጡት ውሾች የሚያስተላልፉት የእብድ ውሻ በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያና ከዚያም በኋላ የባሌን ቀበሮዎች ደጋግሞ ፈጅቷል።

ወቅቶች መዛባታቸው ለእንስሳት ለምን ችግር ይሆናል?

ምክንያቱም ሁሉም የሚጠብቀው ምልክት አንድ ዓይነት አይደለም። ዝንብ አዳኝ የምትባለው ትንሽ ጥቁርና ነጭ ወፍ የአውሮፓን ቀዝቃዛ ወራት በምዕራብ አፍሪካ አሳልፋ ለመራባት ወደ ኔዘርላንድስ ትመለሳለች። የመነሻ ጊዜዋን የምታውቀው በዋናነት በቀኑ ርዝመት ሲሆን፣ እሱ ደግሞ በአየር ንብረት አይለወጥም። ጫጩቶቿን የምትመግበው አባጨጓሬ ግን የሚፈለፈለው ሙቀቱን ተከትሎ ስለሆነ፣ ጸደዩ ቀድሞ ሲገባ እሱም ቀድሞ ይወጣል። ወፏ ሺህዎች ኪሎ ሜትር በርራ ስትደርስ ገበታው ተነስቷል። አባጨጓሬው በጣም በቀደመባቸው ደኖች ውስጥ የወፏ ቁጥር በሁለት አሥርታት ገደማ 90 በመቶ ያህል መውረዱ ተመዝግቧል።

የባሕር እንስሳት ሰፊ ቦታ ስላላቸው አይሻላቸውም?

ዓሦች በእርግጥ ወደ ቀዝቃዛው ውኃ እየተሰደዱ ነው። ኮራል ግን ከድንጋዩ ጋር የተጣበቀ እንስሳ ስለሆነ አይሄድም፤ ውኃው ለሳምንታት ሲሞቅ ቀለሙንና ምግቡን የሚሰጡትን ደቂቅ አልጌዎች ከሰውነቱ ያስወጣና ነጭ ይሆናል። የዓለም ሙቀት በ1.5 ዲግሪ ከጨመረ ሞቃት ውኃ ውስጥ ያሉት የኮራል ሪፎች ከ70 እስከ 90 በመቶ፣ በ2 ዲግሪ ከጨመረ ደግሞ ከ99 በመቶ በላይ እንደሚጠፉ የአየር ንብረት ለውጥ የመንግሥታት ጉባኤ በ2018 አስታውቋል። በአንታርክቲካ ደግሞ በ2022 በአንድ የባሕር ክልል ከነበሩት አምስት የንጉሠ ነገሥት ፔንግዊን መንደሮች በአራቱ፣ ጫጩቶቹ ውኃ የማያስገባ ላባ ከማብቀላቸው በፊት በረዶው ስለተሰበረ፣ አንድም ጫጩት ሳይተርፍ ቀርቷል።

«የዱር እንስሳት በ73 በመቶ ቀነሱ» ሲባል ከአራት ሦስቱ ሞቱ ማለት ነው?

አይደለም፤ ይህ ቁጥር በዜና ላይ ሁሌም ማለት ይቻላል በስህተት ይቀርባል። በ2024 የወጣው መለኪያ የሚናገረው፣ ክትትል የተደረገባቸው የአከርካሪ አጥንት ያላቸው እንስሳት ስብስቦች ከ1970 እስከ 2020 በአማካይ በ73 በመቶ መቀነሳቸውን ነው። አሥር እንስሳት የነበሩት ስብስብ ወደ ሁለት ቢወርድ 80 በመቶ ቀነሰ ይባላል፤ መቶ ሺህ የነበሩት ወደ ዘጠና ሺህ ቢወርዱ ደግሞ 10 በመቶ። የሁለቱ አማካይ 45 በመቶ ቢሆንም ከጠቅላላው የጠፉት ግን አንድ አሥረኛ ገደማ ናቸው። መለኪያው ጠቃሚ ነው፤ የሚመለከተው ግን የስብስቦችን አቅጣጫ እንጂ የእንስሳትን ቆጠራ አይደለም።

ጥብቅ ቦታ መከለል አይበቃም?

አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም የፓርኩ ወሰን ሲሰመር ታሳቢ የተደረገው የዚያን ጊዜው አየር ንብረት ነው። በታኅሣሥ 2022 በሞንትሪያል በተደረሰው ስምምነት አገሮች እስከ 2030 ድረስ ከየብሱም ከባሕሩም 30 በመቶውን ለመጠበቅ ተስማምተዋል። የትኛው 30 በመቶ እንደሆነና እርስ በርሱ መገናኘት አለመገናኘቱ ከቁጥሩ የበለጠ ትርጉም እንዳለው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እንደ ደሴት ተነጣጥለው የቀሩ ፓርኮች መካከል መተላለፊያ ኮሪደር ከሌለ፣ እንስሳው በተጠበቀ ቦታ ውስጥ ሆኖ በሙቀት ወይም በጥማት ሊሞት ይችላል።

አንድ ዝርያ ቢጠፋ ለሰው ምን ይጎድልበታል?

ሕንድ ይህን ያየችው በጥንብ አንሳዎቿ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሦስት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ አለቁ። ምክንያቱ ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ዲክሎፌናክ ሲሆን፣ መድኃኒቱን የወሰደ ከብት ሲሞት ሥጋውን የበላው ወፍ በኩላሊት መድከም ይሞታል። ጥንብ የሚያነሳ ሲጠፋ ሬሳው ለባዘኑ ውሾች ቀረ፣ ውሾቹም በዙ፣ ከእነሱም ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ጨመረ። መድኃኒቱ ለእንስሳት ሕክምና እንዳይውል የተከለከለው በ2006 ነው።

ከመጥፋት አፋፍ የተመለሰ ዝርያ አለ?

አለ፤ ከሚታሰበውም ይበዛሉ። በሞሪሺየስ የሚኖረው ጭልፊት በ1974 በዱር የታወቁት አራት ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ በመቶዎች ይቆጠራሉ። የተራራ ጎሪላ በ2018 ከ1,000 ማለፉ ታውቆ የአደጋ ደረጃው ዝቅ ተደርጎለታል። ሳይጋም ከእልቂቱ በኋላ አደኑ በጥብቅ ስለተገታ በፍጥነት ተራብቶ ከ1 ሚሊዮን አልፏል፤ በ2023 መጨረሻም ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በእጅጉ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር አውጥቶታል።

የስፔንና የፖርቱጋል የዱር ድመት የሆነው አይቤሪያዊ ሊንክስ በ2001 ለመራባት የደረሱት 62 ብቻ የነበሩ ሲሆን፣ በ2022 ወደ 648 ደርሰዋል። ይህን ያመጣው በአጥር ውስጥ ማርባቱ ብቻ አይደለም፤ የሚበላት ጥንቸል በሜዳው እንድትመለስ ተደርጓል፣ በመኪና እንዳይገጭ ከመንገድ በታች ማለፊያ ተሠርቶለታል፣ ከመሬት ባለቤቶች ጋርም ስምምነት ተደርጓል። በሌላ በኩል የሰሜኑ ነጭ አውራሪስ የመጨረሻው ወንድ፣ ሱዳን የሚባለው፣ በመጋቢት 2018 በኬንያ ከሞተ በኋላ የቀሩት እናትና ልጅ የሆኑ ሁለት ሴቶች ናቸው። ተመራማሪዎች አሁን የሚሞክሩት ቀድሞ በተቀመጠ የወንድ ዘርና ከልጅቷ በተወሰደ እንቁላል ላብራቶሪ ውስጥ ፅንስ አዘጋጅተው በደቡቡ ነጭ አውራሪስ ማኅፀን ለማሳደግ ነው።